ኮምቦልቻና ወደ ቆላው ለሚሰራ ቤት፦ ስለ ሙቀት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፕላን ለማሰራት ወይ የተሰራ ቤት ለማስተካከል የሚመጡ ሰዎች ሁሌ የሚጠይቁኝ ናቸው፣ ከቀላሉ ጀምሬ አስቀመጥኳቸው።

ኮምቦልቻ እኮ ወይና ደጋ ነው፣ ስለ ሙቀት ይሄን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል?

በረሃ አይደለም፣ እውነት ነው። ከተማው ከባህር ወለል በላይ 1850 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ በደንብ ይዘንባል፣ በቀናው ዓመት በልጉም አለ። ግን ከደሴ የሀረጎን ቁልቁለት ወርዶ የመጣ ሰው ጃኬቱን ታክሲ ውስጥ ነው የሚያወልቀው፣ 25 ኪሎ ሜትር በምትሆን መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ አየሩ ደግሞ በየ100 ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ አለፍ እያለ ስለሚሞቅ በአራት ዲግሪ ያህል ይለያያል ማለት ነው። ግንቦትና ሰኔ ከሰዓት 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ውጪ ዛፍ ስር ቁጭ ላለ ሰው ምንም አይልም፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ግን መቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ አየሩን አትውቀሱት፣ ቤቱ ነው።

ደግሞ እዚህ ቤት የሚያሰራ ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ታችም እጁ አለበት፣ ባቲ የወላጆቹን ቤት ያድሳል፣ ከሚሴ ሱቅ አለው፣ ሎጊያ ወይ ሰመራ የሚከራይ ነገር ይሰራል። ባቲ 1500 ሜትር ገደማ ነው፣ ሰመራ ደግሞ 430 አካባቢ፣ እዚያ ሰኔ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው። የምጽፈው በዋናነት ለኮምቦልቻ፣ ለሀርቡና ለባቲ ነው፣ የአፋሩ ቆላ ሲለይ ለይቼ እናገራለሁ።

ቤቱ ፊቱን ወዴት ቢያዞር ይሻላል?

ረጅሙ ጎን ከምስራቅ ወደ ምዕራብ ይሂድ፣ ማለትም ሰፋፊዎቹ ግድግዳዎች ሰሜንና ደቡብን ይዩ፣ ጠባቦቹ ምስራቅና ምዕራብን። ጠዋትና ከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ በጎን ስለምትመጣ ጣሪያ ወጣ ብታደርጉም አያግዳትም። የምዕራቧ ደግሞ ትብሳለች ምክንያቱም አየሩ ራሱ ሞቆ ባለበት ሰዓት ላይ ነው የምትጨመረው።

እዚህ ላይ ኢንተርኔት ላይ የሚነበበው ምክር ብዙ ሰው ያሳስታል፣ ትልቁን መስኮት ወደ ደቡብ አድርግ፣ ሰሜኑ ፀሐይ የለውም ይላሉ፣ ይሄ ለአውሮፓ ነው የተጻፈው። እኛ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆንን ከሚያዝያ 11 ገደማ እስከ ነሐሴ 18 ገደማ የቀትሯ ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ማለትም በጣም በሚሞቅባቸው ወራት ሰሜኑ ግድግዳ ነው ፀሐይ የሚያገኘው። ማመን የሚያቅተው ካለ ሰኔ ላይ ስድስት ሰዓት ግቢ ወጥቶ ጥላው ወዴት እንደወደቀ ይይ፣ ወደ ደቡብ ነው።

ጣሪያው ምን ያህል ወጣ ይበል?

በሰሜን በኩል ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለሆነ የምታልፈው ትንሽ ይበቃል፣ ሰኔ ቀትር ላይ ከአድማስ 78 ዲግሪ ገደማ ትሆናለች፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወጣ ያለ ጣሪያ ግድግዳውን ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ያጠላዋል። በደቡብ በኩል ግን ታኅሣሥ ላይ ወደ 55 ዲግሪ ዝቅ ትላለች፣ ያው 60 ሳንቲ ሜትር የሚያጠላው 90 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለኮምቦልቻ ይሄ ችግር የለውም፣ ታኅሣሥና ጥር ጠዋት ብርድ ስለሆነ ትንሽ ፀሐይ መግባቷ ጥሩ ነው። ለባቲና ከዚያ በታች ግን ደቡቡን ወደ 1 ሜትር አድርሱት ወይ በረንዳ አድርጉት።

ሰኔ ላይ ፀሐይ የምትወጣውና የምትጠልቀው ወደ ሰሜን ሸርተት ብላ ስለሆነ የሰሜን መስኮት ጠዋትና ማታ በጎን ትመታዋለች። ለዚያ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ ቀጥ ብሎ የወጣ 30 ወይ 40 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ነገር ይበቃል። ግንበኛው ለውበት ነው ብሎ ሊቀንሰው ይፈልጋል፣ እሺ አትበሉት።

መሬቱን እኔ አልመረጥኩም፣ በሊዝ ነው የደረሰኝ፣ ፊቱ ምዕራብ ነው። ምን ላድርግ?

መንገዱ ምዕራብ ስለሆነ ሳሎኑም ምዕራብ ይሁን የሚል ሕግ የለም። በሩ በመንገዱ በኩል ይሁን፣ ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ግን መስኮታቸው ወደ ጎን ወይ ወደ ጓሮ ይክፈት። ምዕራቡ ላይ ሰው ብዙ የማይቀመጥባቸውን ክፍሎች ደርድሩ፣ መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤት፣ ደረጃ። ከሰዓት የምትመጣውን ፀሐይ እነሱ ይቀበሉላችኋል።

ጓሮው ምዕራብ ለሆነ ሰው ደግሞ ሰርቪስ ቤቱን እዚያ አሰልፉት፣ መቼም ሰርቪስ የማይሰራ የለም፣ ዋናውን ቤት እንዲከልልላችሁ አድርጋችሁ ስሩት ነው የምለው። ሰርቪሱ ውስጥ የሚከራየው ሰው ግን ሰው ነው፣ እሱም ጋር ወጣ ያለ ጣሪያ አድርጉ።

ቆርቆሮ ቤታችን ከሰዓት ምድጃ ነው፣ ጣሪያውን ምን ማድረግ ይቻላል?

ይሄን ጥያቄ በሰፊው እመልሰዋለሁ ምክንያቱም እኔ እንደማየው ፎቅ የሌለው ቤት ውስጥ ከሚገባው ሙቀት ትልቁን ድርሻ የሚያስገባው ጣሪያው ነው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ቀትር ላይ ከአናት ብዙ አትርቅም፣ ግድግዳ ላይ ሰያፍ ነው የምትወድቀው፣ ጣሪያ ላይ ግን ቀጥ ብላ። ጠራራ ላይ የቆርቆሮው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ስምንት ሰዓት አካባቢ ወንበር ላይ ቆማችሁ መዳፋችሁን ወደ ኮርኒሱ አስጠጉት፣ ሳትነኩት ፊታችሁ ላይ ጭምር ይሰማችኋል፣ ግድግዳው ጋ ያን ያህል የለም። ማታ ፀሐይ ስትገባ ቆርቆሮው ጠሽ ጠሽ እያለ ሲሰበሰብ የምትሰሙት ቀን የጠጣውን እየለቀቀ ነው፣ ኮርኒሱ ግን የወረሰውን እስከ ሦስት ሰዓት ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያው ስራ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ያለው አየር እንዲወጣ ማድረግ ነው። የኛ ሰው ወፍና አይጥ እንዳይገባ ብሎ ጣሪያውን ዙሪያውን በጣውላ ይደፍነዋል፣ እና የሞቀው አየር መውጫ የለውም። ዙሪያውን ከስር በኩል ከጣውላው እየቆረጣችሁ በወንፊት ሽቦ ተኩት፣ ከላይ ደግሞ ኮልሞው (የጣሪያው አናት ክዳን) ስር ወይ ሁለቱ የግድግዳ ጫፎች ሶስት ማዕዘን ላይ መውጫ አድርጉለት። ቀዝቃዛው ከታች ሲገባ የሞቀው በላይ ይወጣል፣ መብራት የለ ሞተር የለ። አዲስ ለሚሰራ ሰው ክፍተቱን ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያድርገው፣ ኮርኒስ የሌለው ቤት ደግሞ መጀመሪያ ኮርኒስ ያስገባ፣ የአቡጀዲም ቢሆን ከምንም ይሻላል።

ከዚያ በኋላ ገንዘብ ካለ በሞራሌው ስር አንጸባራቂ ፎይል መዘርጋት ይቻላል፣ የሚያብረቀርቀው ፊት ወደ ባዶው አየር ይሁን፣ ኮርኒሱ ላይ ካጣበቃችሁት ወይ አቧራ ከለበሰ ስራው ይቀንሳል። ፎም ያለው ሳንድዊች ፓነል ጥሩ ነው ግን ዋጋው ለሁሉም አይሆንም። ኮርኒስ ላይ ጭድ መጫን የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ሙቀት ይከላከላል፣ ግን የመብራት ገመድ በዚያ በሚያልፍበት ቤት እሳት ነው፣ አይጡም አለ፣ እኔ አልመክርም።

ይሄ ነገር የድሃ መፍትሄ እንዳይመስላችሁ። ቡርኪናፋሶ ውስጥ ጋንዶ የምትባል መንደር አለች፣ የዚያው ልጅ የሆነው አርክቴክት ፍራንሲስ ኬሬ በ2001 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው ትምህርት ቤት ግድግዳው አፈር፣ ኮርኒሱ የሸክላ ጡብ፣ ቆርቆሮው ደግሞ በብረት ተነስቶ ከኮርኒሱ በላይ ተንሳፎ የቆመ ነው፣ ንፋሱ በመሀል ያልፋል። ሰውየው በ2022 እ.ኤ.አ. በሙያው ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ወሰደ። ያኛው ቆርቆሮና ይሄኛው ቆርቆሮ አንድ ነው፣ ልዩነቱ ከስሩ የተተወው ክፍተት ነው።

ቆርቆሮውን ነጭ መቀባት ይሰራል ወይስ ወሬ ነው?

ይሰራል። አዲስ ያልተቀባ ቆርቆሮ የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ቀዝቃዛ ይመስላል፣ ብርሃኑን ይመልሳል እውነት ነው፣ ነገር ግን የጠጣውን ሙቀት ቶሎ መልቀቅ አይችልም፣ ሲዝግ ደግሞ መመለሱም ይቀራል። ነጭ ቀለም ሁለቱንም ይሰራል፣ ብዙውን ይመልሳል የቀረውንም ይለቃል። ጥቁር ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ኢጋ አሁን ፋሽን ነው፣ ለደሴ ይሁን፣ ለኮምቦልቻ ግን ነጣ ያለውን ምረጡ።

ኖራም ርካሽ ነው ግን ክረምት ያጥበዋልና በየዓመቱ መደገም አለበት፣ ከጣሪያ ውሃ የምታጠራቅሙ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናብ መድፋት አትርሱ። አቧራ የበዛበት መንገድ ዳር ነጩ ቶሎ ይጠቁራል፣ ከመስከረም በኋላ አንዴ ማጠብ ይበቃዋል።

ብሎኬት ይሻላል ድንጋይ ይሻላል ጭቃ ይሻላል?

ለሙቀት ብቻ ካያችሁት ብሎኬት ከሦስቱ መጨረሻ ነው። ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ውስጡ ቀዳዳ ስለሆነ ከውጪ የመታውን ሙቀት በአራት አምስት ሰዓት ወደ ውስጥ ያደርሰዋል፣ የምዕራቡ ግድግዳ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጠጣው በትክክል ልጆች በሚተኙበት ሰዓት ይደርሳል ማለት ነው። ባለ 15 ከሆነማ ይብሳል። 40 ሳንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳ ወይ 30 ሳንቲ ሜትር የጭቃ ጡብ ግን ስምንት አስር ሰዓት ያዘገየዋል፣ በዚያ ላይ ከጠጣው የሚያሳልፈው ትንሹን ነው፣ እስኪደርስ ሌሊት ሆኗል፣ ውጪው ቀዝቅዟል፣ መስኮት ከፍታችሁ ትሸኙታላችሁ።

የወሎ ሰው ይሄን ድሮ ያውቀዋል። ከከሚሴ ወዲያ ተራራ ላይ ያለችው የአርጎባዎቹ ሾንኬ መንደር የድንጋይ ግድግዳዎቿ ወፋፍራም ናቸው፣ ቤቶቹ እርስ በርስ ተጠጋግተው አንዱ ሌላውን ያጠላል፣ ሄዶ ያየ ሰው በራፉን አልፎ ሲገባ ልዩነቱን በቆዳው ያውቀዋል። በእንጨትና በጭቃ የተሰራው የተለመደው ቤትም ቢሆን ከብሎኬት ይቀዘቅዛል፣ ድክመቱ ምስጥና ውሃ ነው። የድንጋይ መሰረቱን ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ አድርጉ፣ ጣሪያውን ወጣ አድርጉ፣ ጭቃውን ከጭዱ ጋር በደንብ አስቦኩት። ሁለት ቀን ተረግጦ የሚለሰን ጭቃ እየተሰነጣጠቀ ስም ያስጠፋል፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቦካ ሽታው መጥፎ ነው ግን ይጣበቃል።

ብሎኬት ግድ ከሆነባችሁ፣ ለብዙ ሰው ግድ ነው፣ የምዕራቡንና የምስራቁን ግድግዳ ብቻ በድንጋይ ስሩ፣ ወይ ብሎኬቱን አጥሉት። ጥቁር ድንጋይ በእኛ አካባቢ ጠፍቶ አያውቅም።

የኔ ግቢ አፈር ለጭቃ ጡብ ወይ ለአፈር ብሎኬት ይሆናል?

ቀላል መፈተኛ አለ። ላይኛውን ሥር ያለበትን አፈር ገለል አድርጋችሁ ከስር ያለውን ውሰዱ፣ የማርማላታ ብርጭቆ አንድ ሦስተኛውን ሙሉት፣ ውሃ ጨምሩ፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉ፣ ከድናችሁ በደንብ በጥብጡና አሳድሩት። ጠዋት ከስር አሸዋው፣ ከሱ በላይ ደቃቁ፣ ከላይ ሸክላው ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። አሸዋው ከግማሽ በላይ ሆኖ ሸክላው ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ በማሽን ተጭኖ ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ቢጨመርበት ሳይተኮስ ጠንካራ ብሎኬት ይወጣዋል። ግን ቢያንስ ሁለት ሳምንት እርጥብ ሆኖ ተሸፍኖ ይቆይ፣ ፀሐይ ላይ ቶሎ እንዲደርቅ የተሰጣው ነው የሚፈረፈረው።

ዋልካ ከሆነ ተዉት። ክረምት ያብጣል በጋ ይሰነጠቃል፣ ለግድግዳም ለመሰረትም አይሆንም፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ሜዳው ላይ መሬት ያላችሁ ይሄን በተለይ አስቡበት። ቆፍሮ አውጥቶ በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ አፈር) መተካት ነው፣ እሱን ወጪ የሚያስቀር ዘዴ ነገሩኝ የሚል ሰው አለ፣ የለም።

አፈርና ድንጋይ መሬት መንቀጥቀጥ ሲመጣ ምን ይሆናል? ማዘጋጃስ ይፈቅዳል?

መፍራታችሁ ልክ ነው፣ እኛ ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ካራቆሬ አካባቢ የተነሳው ነውጥ ማጀቴ ከተማን አፍርሷል፣ በ1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶን። ከባድ ጣሪያ የተሸከመ ያልታሰረ የድንጋይ ግድግዳ ሰው ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ወፍራም ግድግዳ የሚወድ ሰው ማሰሪያውንም ይክፈል፣ ከመሰረቱ ላይ ግሬድ ቢም፣ ከመስኮቶቹ በላይ ዙሪያውን ቢም፣ ከጣሪያው ስር ቶፕ ታይ ቢም፣ ማዕዘኖቹ ላይ ፌሮ ያለው ኮለን። ጣሪያው ቀላል ይሁን። መስኮት ማዕዘን ላይ አታስጠጉ፣ ግድግዳውን ሳታቋርጡ ረጅም አታድርጉት።

ፈቃዱን በተመለከተ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ 624 ተራ ፎቅ የሌለው መኖሪያ ቤትን ከምድብ ሀ ይመድበው ነበር፣ ሂደቱም ከፎቅ ይቀል ነበር፣ አሁን የሚሰራበትን ማዘጋጃ ላይ አረጋግጡ። የትኛው ሰፈር በምን ማቴሪያል ይሰራ የሚለው ግን እንደ ከተማው ፕላን ስለሚለያይ ድንጋይ ከመጫናችሁ በፊት ማዘጋጃ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ በቃል ሳይሆን በጽሁፍ።

መስኮት ትልቅ ነው ትንሽ የሚሻለው? መቼ ይከፈት?

ሁለቱም አይደለም፣ የት እንዳለ ነው። አየር ገብቶ የሚወጣበት ከሌለው አይገባም፣ ስለዚህ አንድ ክፍል ሁለት ግድግዳ ላይ መክፈቻ ይኑረው፣ ካልሆነ ከበሩ በላይ የምትከፈት ትንሽ መስኮት ይኑረው። አንዱ ዝቅ ሌላው ወደ ኮርኒሱ ከፍ ቢል ይበልጥ ይስባል። ንፋሱ ከየት እንደሚመጣ ከሰው አትጠይቁ፣ ግቢያችሁ ውስጥ ረጅም እንጨት ላይ የተቀደደ ፌስታል አስራችሁ ለተወሰነ ጊዜ ጠዋትና ማታ እዩት፣ ተራራው ስለሚያዞረው የጎረቤታችሁ ንፋስና የናንተ ሊለያይ ይችላል።

ደንቡ ቀላል ነው፣ ውጪው ከውስጥ ከሞቀ ዝጉ፣ ከቀዘቀዘ ክፈቱ። ባቲ ላይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት እስከ አስራ አንድ መዝጋትና መጋረጃ መጣል ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ መክፈት። ቀን ከፍቶ ማታ መዝጋት የለመደ ቤት ግልባጩን እየሰራ ነው። ችግሩ ሁለት ነው፣ ወባና ሌባ። ኮምቦልቻም ከዚህ በታችም ወባ አለ፣ ስለዚህ ወንፊት ይግባ፣ ከውጪ ፍርግርግ። ለማታ ብቻ የምትከፈት ከፍ ያለች ጠባብ መስኮት ብታደርጉ ደግሞ ሌባ አያልፍባትም፣ እንቅልፍም አይነሳም።

ላሜራ መስኮት ምዕራብ ላይ አታድርጉ። ከሰዓት እጅ ያቃጥላል፣ የእንጨት ወይ ቢያንስ ከውጪ የሸምበቆ መጋረጃ ያለው ይሁን። መጋረጃ ከውጪ ሲሆን ፀሐይን መስታወቱ ሳይደርስ ይመልሳታል፣ ከውስጥ ሲሆን ግን ገብታለች አልቋል።

ፊቱ ሙሉ መስታወት የሆነ ዘመናዊ ቤት ፈልጌ ነበር...

ደሴ ላይ ከፈለጋችሁ ጠዋት ፀሐይ እየሞቃችሁ ቡና ጠጡበት። ኮምቦልቻ ምዕራብ ፊት ላይ ግን ሁለት ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ አንዴ ለመስታወቱ አንዴ ለኤሲው። አንጸባራቂ መስታወት ያግዛል፣ ጎረቤታችሁ ሳሎን ውስጥ ፀሐይዋን ትልካላችሁ እንጂ አትጠፋም።

ኤሲ ልግዛ፣ ፋን ይበቃል፣ ወይስ ያ ውሃ የሚጨመርበት?

ጣሪያውና ጥላው ከተስተካከለ ኮምቦልቻ ላይ ኤሲ አያስፈልግም ባይ ነኝ። የኮርኒስ ፋን ከ50 እስከ 75 ዋት ነው የሚበላው፣ አንድ ኤሲ በሚበላው መብራት ከአስር በላይ ፋን ይሽከረከራል። ፋን አየሩን አያቀዘቅዝም፣ ላባችሁን ነው የሚያደርቀው፣ ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል አጥፉት።

ውሃ የሚጨመርበት ኩለር የሚሰራው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ሰመራ በደረቁ ወራት በደንብ ያቀዘቅዛል፣ መስኮት ግን ትንሽ ክፍት ይሁን፣ ዘግታችሁ ካስነሳችሁት ክፍሉ ረጥቦ ይወብቃል። ኮምቦልቻ ሐምሌ ላይ ገዝታችሁ ከሆነ ግን ውሃ የሚበላ ፋን ነው የገዛችሁት።

ኩሽናው የት ይሁን?

ንፋሱ ቤቱን አልፎ በሚወጣበት በኩል። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎ ዋት ተኩል አካባቢ ነው፣ እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ቤቱ ውስጥ ማሞቂያ እንደማስነሳት ነው። ለምጣዱ ከዋናው ቤት የተለየች ከላይ ክፍት የሆነች ቦታ አድርጉ፣ እናቶቻችን ማዕድ ቤቱን ከቤት አርቀው የሰሩት ለጭስ ብቻ አልነበረም።

ግቢውን ሙሉ ሲሚንቶ ላድርገው? ዛፍስ?

ለመኪናው መንገድና ለመረማመጃ ብቻ። ሲሚንቶ ቀኑን ሙሉ ይሞቅና መስኮታችሁ ስር ሆኖ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ሌላው አፈር ይሁን፣ ጠጠር ይሁን፣ ሳር ይሁን።

ዛፍ ምዕራብና ምስራቅ ላይ ትከሉ፣ ጣሪያ የማያግዳትን ዝቅ ያለች ፀሐይ የሚያግዳት እሱ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ማንጎ፣ ጃካራንዳ፣ ፓፓያ ለቶሎ፣ ወደ ቆላው ኒም፣ ትንሽ ውሃ ይበቃዋል። ባህር ዛፍ ከቤት አጠገብ አይሁን፣ ዋልካ ላይማ ውሃውን መጥጦ መሰረቱን ያናጋባችኋል። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ጥላ አለው ብሎ ችግኝ የሚያመጣ ሰው ካለ አባሩት፣ አፋር ውስጥ የግጦሹን መሬት ምን እንዳደረገው ያየ ያውቃል። ልብስና ዕቃ የታጠበበትን ውሃ ወደ ዛፉ ምሩት።

ከጣሪያ ውሃ ማጠራቀም ያዋጣል?

ኮምቦልቻ በደንብ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ 1 ሊትር ነው፣ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ 100 ካሬ ጣሪያ ከብክነቱ በኋላ ወደ 80 ሺህ ሊትር ይሰጣል። ያንን ሁሉ የሚይዝ ሮቶ ማንም አይገዛም፣ ግን በበልግና በክረምት እየሞላ እየተጠቀማችሁ ትሄዳላችሁ። አሸንዳው ጥሩ ይሁን፣ ሮቶው ጥላ ውስጥ ይሁን። ሰመራ 200 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ያው ጣሪያ 16 ሺህ ሊትር ቢሰጥ ነው፣ እዚያ በሱ ላይ አትተማመኑ።

ደሴ የሰራሁትን ቤት ፕላን ኮምቦልቻ ላይ ልድገመው?

አትድገሙት። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ነው፣ እዚያ የሚፈለገው ፀሐይ ማስገባትና ሙቀት አለማስወጣት ነው፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ፣ የሚዘጋ መስኮት፣ ጠቆር ያለ ቆርቆሮ ሁሉ ምክንያት አለው። ያንኑ ሀረጎን አውርዳችሁ ስትሰሩት እያንዳንዱ ነገር በናንተ ላይ ይሰራል። ፕላን ሰሪው ሁለቱንም ከተማ ስለሚሰራ ያውቃል ብላችሁ አትለፉት፣ ፕላኑ ላይ የሰሜን ምልክት እንዳለ እዩ፣ ከሌለ መልሱለት።

ሰመራ ወይ ሎጊያ ላይ ወፍራም ግድግዳ ሰራሁ፣ ለምን ሌሊት አያስተኛም?

ወፍራም ግድግዳ የሚሰራው ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ነው፣ ቀን የጠጣውን የሚለቅበት ሰዓት ያስፈልገዋል። ኮምቦልቻና ባቲ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል ይሳካል። ሰመራ ግን ሰኔና ሐምሌ ሌሊቱም ይሞቃል፣ ግድግዳው ሳያርፍ ነግቶ እንደገና ይመታል፣ እና ቀን ከውጪው ይሻላል፣ ማታ ይብሳል።

እዚያ ቤቱን ለሁለት መክፈል ነው የሚያዋጣው። ለቀን ወፍራም ግድግዳ ያለው ጨለም ያለ ክፍል፣ ለሌሊት ደግሞ ሙቀት የማይዝ ቀላል ነገር፣ በወንፊት የታጠረ ሰገነት ወይ ከሰሌንና ከቀርከሃ የተሰራ ክፍት መኝታ። የአፋር ሰው ቤቱ ቅርንጫፍና ሰሌን የሆነው ተሸክሞት ስለሚሄድ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይ እንደገባች ወዲያው ይቀዘቅዛል። ደገኛው ወርዶ በብሎኬት ሲሰራ ያንን ንቆት ያልፋል፣ ከዚያ ማታ አልጋውን ግቢ ያወጣል።

ጂ ፕላስ ዋን ሰርቼ ላይኛው ፎቅ ማታ ማታ ይጠብሰናል፣ ሶሌታው ላይ ምን ላድርግ?

ሶሌታ፣ ማለትም ላይ ያለው ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ፣ ቀኑን ሙሉ ጠጥቶ ማታ ወደ ታች ነው የሚለቀው። ሌላ ሲሚንቶ ማፍሰስ አያቀዘቅዘውም፣ ክብደት ነው የሚጨምረው። ማታ ውሃ ማርከፍከፍ ለሰዓት ያግዛል፣ ግን ውሃ በተራ በሚመጣበት ከተማ የሚባል ነገር አይደለም።

የሚሰራው ማጥላት ነው። ሶሌታው ላይ ቀጫጭን የብረት ምሰሶ አቁማችሁ ነጣ ያለ ቆርቆሮ ከላይ ጣሉበት፣ አራቱም ጎን ክፍት ሆኖ ንፋስ በመሀል ይለፍ። ሰው ገብቶበት ልብስ እንዲሰጣበት 2 ሜትር ከምናምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለሙቀቱ ግን ግማሽ ሜትርም ትበቃለች። በርበሬ ማስጫችን ቀረ ያሉኝ እናት ነበሩ፣ ለሳቸው አንድ ጥግ ክፍት ተትቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ነገር አስመርምሩ፣ ኮለኖቹ ተጨማሪውን ይችሉ እንደሆነና ምሰሶዎቹ በምን እንደሚታሰሩ። ክፍት ጣሪያን ንፋስ ከስር ነው የሚያነሳው፣ ስለዚህ ብረቱ ዳር ካለው ቢም ጋር በቦሎን ይታሰር፣ የተበሳው ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ውሃ እንዳያስገባ ያኔውኑ ይደፈን፣ ክረምት ሲመጣ ከስሩ ያለው ኮርኒስ ቢጫ እያለ ከመጣ የተረሳው እሱ ነው።